ማን ነው የሚጠጣው? ስለ ኮሶ፣ ስለ «ዲቶክስ» እና ቶሎ ስለሚቆጣ ሰውነት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ሁለተኛ ቀን፣ አምቦ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ትናንት ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ከጉደር ግቢ፣ ከወሊሶ፣ ከዚሁ ከዋናው ግቢ የወጣን ሰዎች ነን። ቁርጡ ቀረበ፣ አዋዜው ቀረበ፣ አምቦ ውሃው ተከፈተ። ከስንት ዓመት በኋላ ስንገናኝ እንደሚሆነው ማን ወፈረ፣ ማን ሸበተ ተባባልን። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን ከቦርሳው ትንሽ ፓኬት አወጣና «ይህን ሁሉ ሥጋ በልተን እንዲሁ አንተኛም። ዲቶክስ ነው፤ መርዙን ጠርጎ ያወጣል» አለ።

«ምን ምን አለበት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ተፈጥሯዊ ነው፤ ኬሚካል የለውም» አለኝ።

«እሺ፣ ተክሉ ምንድን ነው?» ስለው ፓኬቱን አገላበጠና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። «ከፋርማሲስት ጋር እራት መብላት ጣጣው ይሄ ነው» ተባልኩ።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን አንዷ አስም አለባት፤ ከተማሪነታችን ጀምሮ አውቃለሁ። አንዱ ከእራት በፊት የደም ግፊት ክኒን ሲውጥ አይቼዋለሁ። አንዷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ፓኬቱ ስለ ሦስቱም የሚያውቀው ነገር የለም። ለስምንታችንም እኩል ሊበጠበጥ ነበር።

ማኅበሩ «ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን» ሲለኝ ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሌሊት ቀየርኩት። ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። ስለ ባህል መድኃኒትም ሆነ ስለ አዲሱ ዲቶክስ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምንጠይቀው «መድኃኒቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብለን ነው። ከዚያ በፊት መምጣት ያለበት ጥያቄ «ማን ነው የሚጠጣው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የድሮዎቹ አዋቂዎች ይጠይቁት ነበር። እኛ ነን የተውነው።

አዳዳዬ የምትጠይቀው

አዳዳዬ፣ ማለትም የአባቴ እህት፣ የምትኖረው ከጊንጪ ወደ ጎጆ በሚወስደው መንገድ፣ ብርዱ በሚጠናበት ደጋ ላይ ነው። ድሮ በአካባቢው ኮሶ መጠጣት የፈለገ ሰው ወደ እሷ ይመጣ ነበር። በኦሮምኛ ሄቶ እንለዋለን። የሴቴውን ዛፍ ቀላ ያለ አበባ በጊዜው ታስለቅማለች፣ ታደርቃለች፣ ሲፈለግ ትወቅጣለች።

ሰው ሲመጣ ግን መጀመሪያ ዱቄቱን አታወጣም። በርጩማ ትሰጥና ትጠይቃለች። «ወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው? ታጠቢያለሽ? ትኩሳት አለህ? ትናንት ምን በላህ? ያለፈው ጊዜ ስትጠጣ ምን አደረገህ?» ነፍሰ ጡር አታጠጣም። የምታጠባ እናት አታጠጣም። ሕፃን አታጠጣም። ከሕመም የተነሣን ሰው «መጀመሪያ ገንፎ ብላ፤ ጉልበትህ ሲመለስ ና» ብላ ትሸኘዋለች። ቤቱ ብቻውን ለሚውል ሰውም አትሰጥም። «ጠጥቶ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል?» ትላለች። የጠጣው ሰው እስኪበረታ ድረስ ቤቷ ይውላል፤ የገብስ አጥሚቱን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ማርከሻ ሳታሰናዳ መድኃኒት አትሰጥም ነበር።

እኔ በልጅነቴ አስም ነበረብኝ። ኮሶው ሲወቀጥ ብናኙ ያስነጥሰኛል፣ ደረቴ ያፏጫል። አዳዳ ሙቀጫውን ስታነሣ እኔን ከቤት ታስወጣኝ ነበር። «ያንተ ደረት ከዚህ ጋር አይስማማም» ትለኝ ነበር። አለርጂ የሚለውን ቃል አታውቀውም፤ ነገሩን ግን ከማናችንም በፊት አውቃዋለች።

ይህን የምነግራችሁ የድሮው ሁሉ ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። ኮሶ ራሱ ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አሁን እመጣበታለሁ። የምለው መድኃኒቱን የሚሰጥ ሰው ነበረ፤ ያ ሰው ይጠይቃል፣ ይከለክላል፣ አጠገብህ ይቀመጣል ነው። ፓኬት ይህን አያደርግም።

«ወጣ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዲቶክስ የሚሸጡልን ሰዎች ትልቁ ማስረጃቸው የምናየው ነገር ነው። ጠጣህ፣ ሆድህ ተላወሰ፣ ስድስት ጊዜ ተመላለስህ፣ ቀለል አለህ። «ይኸው መርዙ ወጣ!» ይባላል። የወጣው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም ይወጣሉ። ፖታሲየም የልብን ምት የሚያስተካክል ነገር ነው፤ መርዝ አይደለም።

የሰውነት ማጽጃ ከተፈለገ ሌሊትና ቀን የሚሠሩ አሉን። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ጠቃሚውን መልሰው አንድ ሁለት ሊትሩን በሽንት ያስወግዳሉ። ጉበት መድኃኒቱንም አልኮሉንም ሰባብሮ ለመውጣት ያመቻቸዋል። ሳንባ የተቃጠለውን አየር ያወጣል። እነዚህ ከደከሙ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ ተቅማጥ አይተካቸውም። እንዲያውም የምንጠጣውን ነገር ለማስወገድ የሚለፉት እነሱው ናቸው። ጉበቱ ለታመመ ሰው «ጉበት ማጽጃ» መስጠት ለደከመ በሬ ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

ኮሶ

ኮሶ ግን ስም ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ መድኃኒት ነው። በሳይንስ ስሙ ሃጌንያ አቢሲኒካ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፎለታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የእኛ ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ትሉን ያሽመደምዳል፤ ጥሬ ሥጋ ለሚበላ አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በየጊዜው ኮሶ መጠጣት የኑሮ ሥርዓት ሆኖ የኖረውም «ኮሶ ጠጥቷል» የተባለ ሰው ከሥራም ከእንግዳም ነፃ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ትሉን የሚጎዳው ንጥረ ነገር ሰውንም አይምርም። ማስመለስ፣ ብርቱ ተቅማጥ፣ ራስን መሳት ያመጣል። ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ ተመርዘው ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች የሚገልጽ ጽሑፍ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኮሶና የእንቆቆ ዘመድ የሆነ ተክል ለጫጩቶች ተሰጥተው የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ክፍል መጎዳቱን አሳይቷል። ችግሩ ልኩ አለመታወቁ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከከረመው ይለያል። ጭብጥም የሰውየውን እጅ ነው የሚያህለው።

ዛሬ ለኮሶ ትል ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል አለ። ልኩ ይታወቃል፤ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ትል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ቢያስመረምር ይሻለዋል። ትል የሌለበት ሰው ደግሞ «ለማጽዳት» ብሎ ኮሶ መጠጣት የለበትም። ትናንት ቁርጥ የበላን ሰዎች፣ ይህ ለእኛም ነው። በማግስቱ የሚጠጣ ምንም ነገር ትናንት የገባውን የትል ዘር «አያጥብም»፤ ትሉ አድጎ የሚታየው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሥጋውን ማብሰል ነው። ይህን ስል የምታዩኝን አስተያየት አውቃለሁ።

ሌሎቹንም ባጭሩ ልጥቀስ። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ብሳና ሁሉም በምዕራብ ሸዋ ገበያዎች ስማቸው ይታወቃል። ሠርተው የሚያውቁ ናቸው፤ ለዚህ ነው ተጠንቀቁ የምለው። ምንም የማያደርግ ነገር ማንንም አይጎዳም። የመተሬን ፍሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ልኩ ወደታወቀ ክኒን ለመለወጥ ሠርተውበታል፤ መንገዱ ይህ ነው።

እንዶድን ተመልከቱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነሥቶ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚያጠፋ ነገር አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለበት። የአገር ኩራት ነው። ቀንድ አውጣውን የገደለው አረፋ ግን ሰው ሲጠጣው የሆድ ዕቃን ይቆጣል፣ ያስመልሳል፣ ከበዛም ይገድላል። አንድ ተክል በወንዝ ዳር መድኃኒት፣ በሆድ ውስጥ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ቶሎ የሚቆጣ ሰውነት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ሰውነታቸው ቶሎ የሚቆጣ የምላቸው እነማን ናቸው?

መጀመሪያ አስምና አለርጂ ያለባቸው። ስለ አለርጂ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ መርዝ በልክ ነው የሚሠራው፣ አለርጂ ግን ልክ አያውቅም። ትንሽም ይበቃዋል። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ዝም ሊል ይችላል፤ ሰውነት ነገሩን «የሚመዘግበው» ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ «ባለፈው ጠጥቼው ምንም አላለኝም» ዋስትና አይሆንም። ሰውነት ላይ ሽፍታ መውጣት፣ ከንፈርና ምላስ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መፍዘዝ ከታየ ወተት እያጠጡ መጠበቅ አይገባም። በዚያው ደቂቃ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው፤ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ከተገኘ በኋላ ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባሕር ዛፍ የሌለበት ኮረብታ የለም፤ ቅጠሉ እየተቀቀለ፣ ሁላችንም ብርድ ልብስ ተከናንበን እንፋሎት ታጠንን። ለብዙው ሰው ላብ አድርጎ አለፈ። ጠንካራው የባሕር ዛፍ ሽታ ግን የአስም ታማሚን የአየር ቧንቧ ሊያጠብበው ይችላል፤ የፈላ ድስት ተገልብጦ የሚቃጠለው ሕፃን ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ በስልክ ስንቱ «ደረቴ ተዘጋ» እያለ ደወለልኝ! «ከእንፋሎቱ ውጣ፣ መንፊያህን ተጠቀም» ነበር መልሴ።

ሁለተኛ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ጨቅላዎች። ብርቱ ጠራጊ ማሕፀንንም ሊያነሣሣ ይችላል። ስለ ጨቅላዎች ደግሞ በየመንደራችን ያለውን ቅቤ ማዋጥ ላንሣ። አዲስ ለተወለደ ልጅ «ሆዱን እንዲያጸዳለት» ቅቤ ይሰጣል። ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ሕፃን ይገድላል። ሆዱን የሚያጸዳለት ግን እናቱ ጡት ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ ነው። ጥቁሩን ዓይነ ምድር እንዲያወጣ ይረዳዋል፤ ከበሽታም ይከላከልለታል። እርሱን «ቆሻሻ ነው» ብለን አልበን እየደፋን ቅቤ እናውጣለን።

ሦስተኛ የቆየ በሽታ ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ። የቲቢ መድኃኒቶች ብቻቸውን ጉበትን ሊያስቸግሩ ይችላሉ፤ በላያቸው ምንነቱ ያልታወቀ ሥር መጨመር ምን ይሉታል? ስኳር ያለበት ሰው መርፌውን ወይም ክኒኑን ወስዶ «ለሦስት ቀን ጭማቂ ብቻ» የሚለውን ዲቶክስ ቢጀምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ብርቱ ተቅማጥ ከያዛት ክኒኑ ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን የሚነግራት የለም። ነጭ ሽንኩርት እንኳ፣ ወጥ ውስጥ ያለው ሳይሆን በብዛት እንደ መድኃኒት የሚዋጠው፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ ይጨምራል።

አምቦ ተቀምጬ ስለ አምቦ ውሃ ባልናገር ታዝኑብኛላችሁ። ከተማችን ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው በዚህ ውሃ ነው። እኔም ወድጄ እጠጣዋለሁ፤ ከሥጋ በኋላ ሆድ ያቀላል። ግን መርዝ አያወጣም። ውስጡ ሶዲየምና ባይካርቦኔት አለ፤ «ጨው ቀንስ» የተባለ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ታማሚ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቦ፣ ሐኪሙን ጠይቆ ይጠጣ። በየፍልውሃው ምንጭ ላይ ሄደው «እስኪያስቀምጠኝ» እያሉ በጣሳ የሚጠጡትማ የበለጠ ይጠንቀቁ።

እኔ ያመጣሁት ፓኬት

ይህን ሁሉ የምለው ከላይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ጥፋተኛው እኔ የሆንኩበትን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓል ወደ አዳዳ ስሄድ ከአዲስ አበባ አንድ ሻይ ገዝቼላት ሄድኩ። ፓኬቱ ላይ ቅጠልና የምትስቅ ሴት ሥዕል አለ፤ ጽሑፉ በማላነበው ቋንቋ ነው። «ሆዴ ይነፋኛል» ትለኝ ስለነበር ነው። ሻጩ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ሆድ ያጸዳል» አለኝ። ፋርማሲ የተማርኩ ሰው «ምን አለበት?» አላልኩም። ለእናቴ ጎመን የምገዛ ያህል እንኳ አላገላበጥኩትም።

አዳዳ ያን ጊዜ የደም ግፊት መድኃኒት ጀምራ ነበር፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሽንት የሚያበዛ፣ ርካሽና ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ፖታሲየምን ግን ይቀንሳል። ይህንን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ለስንት ታማሚ ተናግሬዋለሁ። ሻይው ውስጥ ያለው ደግሞ ኋላ ቅጠሉን ዘርግፌ ሳየው ሰናመኪ ነበር። ሰናመኪ ትልቁን አንጀት እየኮረኮረ ያስቀምጣል፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ለደረቀ ሆድ ይረዳል። በየቀኑ ከተጠጣ እሱም ፖታሲየም ያወጣል። ሁለቱ ተጋገዙ።

አዳዳ የልጅ ስጦታ ነው ብላ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ጠጣችው። እግሯ ከዳት። ልቧ «እየዘለለ» አስቸገራት። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት፤ ፖታሲየሟ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ተኝታ፣ በደም ሥሯ ተሰጥቷት ተረፈች። ዶክተሩ «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ሲላት «የለም» አለችው። ሻይ ነዋ! መድኃኒት ነው ብላ አልቆጠረችውም። እኔ ደርሼ ከቤቷ መደርደሪያ ላይ ፓኬቱን ባላየው ወደ ቤቷ ተመልሳ እንደገና ትጠጣው ነበር።

ስትሻላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? አልተቆጣችኝም። «እኔ ለሰው ኮሶ ስሰጥ ስንት እጠይቅ ነበር። አንተ ይህን ስታመጣልኝ ምን የሚባል ቅጠል ነው ብዬ ሳልጠይቅህ ጠጣሁት። የተማረ ሰው ያመጣው ነው ብዬ» አለችኝ።

ይህ አባባል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በሷ ቤት የነበረውን ጥያቄ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በዲግሪዬ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለምንጠጣ ሁሉ፤ አራት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ ተክሉ በአገር ስሙ ምን ይባላል፣ ቅጠሉ ነው ሥሩ ወይስ ፍሬው? ሻጩ ስሙን ካላወቀ ወይም «ሚስጥር ነው» ካለ ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ለማን አይሰጥም? «ለሁሉም ይሆናል» የሚል መልስ ከመጣ ያ ሰው አያውቅም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ እኔ አሁን የምወስደው መድኃኒት፣ ያለብኝ ሕመም፣ የሚቆጣኝ ነገር ምንድን ነው? አራተኛ፣ ብታመም አጠገቤ ማን አለ? ተቅማጡ ካልቆመ በለምለም፣ ማለትም በኦአርኤስ፣ ፈሳሽ እየተኩ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ፓኬቱን ወይም የተረፈውን ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያክመውን ያውቃል።

ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች፤ አጠያየቃችንን እናስተካክል። «የባህል መድኃኒት ትጠቀማለህ እንዴ?» ብለን ፊታችንን አጥቁረን ከጠየቅን መልሱ «ኧረ በፍጹም» ነው። «ቤት ውስጥ የሚጠጣ፣ የሚታጠን፣ የሚቀባ ነገር አለ? ሻይም ቢሆን» ብንል ይነግሩናል። በኦሮምኛ ለሚመቸው በኦሮምኛ እንጠይቅ። ጉዳት ስናይ ደግሞ አክመን ዝም አንበል፤ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እናሳውቅ። ነፃ መስመሩ 8482 ነው፤ ማንም ዜጋ ሊደውልበት ይችላል።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። በአካባቢያችን ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ጥናቶች ተሠርተዋል፤ ተማሪዎቻችሁም እየሠሩ ነው። የተክሉን ስም፣ የሚያድነውን በሽታ፣ አዘገጃጀቱን በሠንጠረዥ ያስቀምጣሉ። እባካችሁ አንድ ዓምድ ጨምሩበት፦ «ለማን አይሰጥም? ማርከሻውስ ምንድን ነው?» አረጋውያኑ ይህን ያውቁታል። ካልጠየቅናቸው የተክሉ ስም በመጽሐፍ ይቀርና ጥንቃቄው ከእነሱ ጋር ይቀበራል። ያን ጊዜ የሚተርፈው ለማን እንደማይሆን ያልተጻፈበት መድኃኒት ነው፤ ያ ደግሞ ትናንት ጠረጴዛችን ላይ ከወጣው ፓኬት በምንም አይለይም።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ አገኘኝ። ፓኬቱን ለማንም እንዳልሰጠ ነገረኝና «ግን ለምን ነው ለእኔ ምንም ያላለኝ?» አለኝ። «አንተን ስላላገኘ ነው እንጂ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኛቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ» አልኩት።

አዳዳዬ ደህና ናት። ኮሶ ማጠጣት ትታለች፤ ሰው ሲመጣባት «ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ክኒን አለ» ትላለች። መጠየቋን ግን አልተወችም። አሁን ስሄድ ስኳርም ይሁን ቡና ይዤ፣ ከቦርሳዬ ሳላወጣው «ምንድን ነው ያመጣኸው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ፤ ስሟን ጠርቼ፣ ቁጭ ብዬ።